ማሰናበት ግንባታ አይደለም

«አዲስ ቡድን እየገነባን ነው።» በአገራችን እግር ኳስ ይህች ዐረፍተ ነገር በተነገረች ማግስት ሥራው የሚጀመረው በማሰናበት ነው። ሠላሳ ዓመትን የተሻገረውም የተጠጋውም «ዘመኑን የጨረሰ» ይባላል፤ ቦታው ለወጣት ይለቀቃል፤ ያ ወጣት ከማን አጠገብ ቆሞ እንደሚማር ግን የሚጠይቅ አይገኝም። ይህ ገጽ የግጥምና የወግ ወዳጆች መድረክ መሆኑን አልዘነጋሁም። ይሁን እንጂ ማፍረስ «ግንባታ» ተብሎ ሲጠራ ነገሩ የቋንቋም ጉዳይ ነውና፣ አንባቢ ሆይ፣ ጥቂት ታገሠኝ።

የተሟጋቾቼን ሐሳብ አሳንሼ አላቀርብም። የነባር ተጫዋች ደመወዝ ይከብዳል፤ ፍጥነቱም ይቀንሳል፤ ወጣትም ካልተሰለፈ አይበስልም። በሰሜን አሜሪካ የበረዶ ሆኪ ሊግ እንኳ ቡድናቸውን እንደ አዲስ የሚያዋቅሩ ክለቦች ነባሮቻቸውን ለሌላው አሳልፈው ይሰጣሉ። እውነት ነው። ነገር ግን እነርሱ በምትኩ ተስፋ የተጣለበት ወጣት፣ አለዚያም በዓመታዊው የወጣቶች ምርጫ ላይ ተራ ይቀበላሉ። እኔ የባንክ ሠራተኛ ነኝ፤ ከአንዱ ሒሳብ የወጣው በሌላው ላይ መግባት እንዳለበት በየዕለቱ የምመዘግብ ሰው ነኝ። በእኛ ክለቦች ዘንድ ውል በአብዛኛው የአንድ ወይም የሁለት ዓመት ነው፤ ሲያበቃ ተጫዋቹ ጓዙን ይዞ ይሄዳል፤ በክለቡ መዝገብ ላይ በምትኩ የሚገባ ነገር የለም። ይህ ልውውጥ ሳይሆን መጣል ነው።

ወደ ብሔራዊ ቡድናችን እንምጣ። ዋልያዎቹ በ2005 ዓ.ም. ደቡብ አፍሪካ ላይ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ሲመለሱ ጌታነህ ከበደና ሽመልስ በቀለ ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ የነበሩ ወጣቶች ነበሩ። ዘጠኝ ዓመት አለፈ። በጥር 2014 ዓ.ም. ካሜሩን ላይ በኬፕ ቨርዴና በአስተናጋጇ ከተሸነፍን በኋላ፣ ከቡርኪና ፋሶ ጋር 1 ለ 1 ስንለያይ የዚያን ውድድር ብቸኛ ነጥባችንን በፍጹም ቅጣት ምት ያስገኘው ጌታነህ ነበር። በዚያው ዓመት ሰኔ 2 ቀን ሊሎንግዌ ላይ ግብፅን 2 ለ 0 ስናሸንፍ አንዱን ጎል ከእርሱ በዕድሜ የሚያንሰው ዳዋ ሆጤሳ፣ ሌላውን በግብፅ ሊግ ለዓመታት የተጫወተው የ31 ዓመቱ ሽመልስ አስቆጠሩ። ወጣት ወይስ ነባር ለሚለው ጥያቄ የዚያ ቀን መልስ «ሁለቱም» የሚል ነበር።

«ነባሩ የወጣቱን ቦታ ይዘጋል» ለሚሉም አቴንስን አስታውሳለሁ። ደራርቱ ቱሉ በባርሴሎና ወርቅ ካጠለቀች 12 ዓመት በኋላ፣ በነሐሴ 1996 ዓ.ም. በ10,000 ሜትር ነሐስ ስታገኝ ብሩን የወሰደችው ወጣቷ እጅጋየሁ ዲባባ ነበረች። ማን የማንን ቦታ ዘጋ? ካሜሩንስ በ1982 ዓ.ም. የ38 ዓመቱን ሮዤ ሚላን ከጡረታ ጠርታ፣ በእርሱ አራት ጎሎች ታግዛ የዓለም ዋንጫ ሩብ ፍጻሜ የደረሰች የመጀመሪያዋ አፍሪካዊት አገር አልሆነችምን?

ነባር ሁሉ በቦታው ይሰንብት አልልም። ብቃቱ ያበቃ ይሸኝ፤ በክብር ይሸኝ። የምቃወመው በጅምላ መመንጠርን ነው። እዚህ አሶሳ ዙሪያ ያለው የቆላ ቀርከሃ ለዚህ ጥሩ አስተማሪ ነው። ዐዋቂ ቆራጭ ከአንድ ሥር ከበቀሉት መካከል የበሰሉትን መርጦ ይቆርጣል፤ ጥቂቶቹን ግን ይተዋል። አዲሱ ቡቃያ የሚመገበው ነባሮቹ በጋራው ሥር ካከማቹት ነውና። ሁሉንም የመነጠረ ሰው በቀጣዩ ክረምት የሚያገኘው ቀጫጭን ቡቃያ ነው።

በእኛ ክልል ደግሞ ጉዳዩ ከጎልም ያልፋል። በቅርብ ዓመታት ግጭት ብዙ ሰው አፈናቅሏል። በአንድ ሜዳ ላይ የበርታው፣ የጉሙዙ፣ የሺናሻው፣ የአማራውና የኦሮሞው ልጅ አንድ መለያ ለብሶ ሲጫወት አንዱ ሌላውን ጠልፎ መጣሉ አይቀርም። ያን ጊዜ በመካከላቸው ገብቶ «ተው ልጄ፣ ኳስ ነው» የሚል፣ ሁሉም የሚያፍረው አንድ አንጋፋ ያስፈልጋል። አንድ የማውቀው የሠፈር ቡድን እንዲህ ያለውን ተከላካዩን «ለወጣት ልቀቅ» ብሎ አሰናበተው። ልጆቹ አሁንም ይሮጣሉ፤ ፍጥነታቸውም ያስደንቃል። ጠብ ሲነሣ ግን የሚያበርደው የለም።

እንግዲህ ቡድን ገንቢ ነኝ የሚል ሁሉ ነባሩን ከማሰናበቱ በፊት «የሚያውቀውን ለማን አስተላልፎ ሄደ?» ለሚለው መልስ ያዘጋጅ። የሚሸኘውን ከሚተካው ጋር ቢያንስ አንድ የውድድር ዘመን አብሮ ያሰልፍ፤ ማስተማሩንም እንደ ሥራ ቆጥሮ በውሉ ያስፍርለት፤ ይክፈለውም። ከልደት ቀኑ ይልቅ ብቃቱን ይይ።

ቡቃያው ይኮራ፣ ቀንበጡም ይለምልም፣
ግን ሥሩን ቆራጭ ሰው ደን ተካይ አይደለም።
የነባሩን ብርታት ለወጣት ሳያውሰው፣
ገንቢ ነኝ አይበለን ቤት የሚያፈርሰው።