አንገት ላይ የታየው ጥላ

ሰሞኑን ከፎልስ ቸርችና ከአካባቢዋ የሚደርሰን አንድ ጥያቄ በርከት ብሏል። «አንገቴን ራጅ ተነሥቼ ጥላ አለ ተባልኩ፤ እንቅልፍ አጣሁ» የሚል ነው። ለመሆኑ ጥላ ሲባል ምን ማለት ነው?

ራጅ የሚያሳየው የተነባበረ ጥላ ነው። ከቆዳ ውጭ ያለውም፣ ከውስጥ ያለውም፣ ከጀርባ ያለውም በአንድ ፊልም ላይ ተደራርቦ ይወጣል። ሮንትገን በ1895 እ.ኤ.አ. የባለቤቱን እጅ ባነሣ ጊዜ ከአጥንቶቿ ይልቅ ጎልቶ የወጣው የጣት ቀለበቷ ነበር። (በነገራችን ላይ፣ በማግሥቱ በ1896 የጣሊያን ሐኪሞች ኔፕልስ ውስጥ ይህንኑ ጨረር ከዓድዋ ቆስለው በተመለሱ ወታደሮች ክንድ ውስጥ የቀረ ጥይት ለመፈለግ ተጠቅመውበታል። ጥይቱን ማን እንደተኮሰው ለእናንተ አይነገርም።)

ቀለበት እንዲህ ከታየ እኛ አንገታችን ላይ የምናስረውስ? የማተብ ክር እምብዛም አይታይም፤ የተንጠለጠለበት የብር መስቀል ግን ቁልጭ ብሎ ይወጣል። ማተቤን አልበጥስም የሚል መበጠስ የለበትም፤ ለቴክኒሺያኑ ነግሮ ከሚነሣው ቦታ ገለል ማድረግ ይበቃዋል። ዋናው አሳሳች ሹሩባ ነው። ማጅራት ላይ የተጠራቀመ ሹሩባ ከአንገት እስከ ሳንባ ጫፍ ጭረት ጭረት ያለ ጥላ ይጥላል፤ የሳንባ ጫፍ ደግሞ ቲቢ የሚወደው ቦታ ነው። ልምድ ያለው ሐኪም ጥላው ከሳንባው ድንበር አልፎ ወደ አንገት ሲወጣ አይቶ ይጠረጥራል፤ ፀጉሩን ወደ ላይ አስጠቅልሎ እንደገና ያስነሣል። የጠፋው ጥላ የፀጉር ነበር፤ ያልጠፋው የሰውነት ነው።

ያልጠፋውም ሁሉ በሽታ አይደለም። ዕድሜ ሲገፋ ማንቁርት ካልሲየም እየያዘ ይነጣና ዓሣ በልቶ ጉሮሮው የተወጋ ሰው ራጅ ላይ አጥንት ሊመስል ይችላል። በአንጻሩ የብዙ ዓሣ አጥንት በራጅ ጭራሽ አይታይም፤ «ራጁ ንጹሕ ነው» ተብላችሁ ሕመሙ ካልለቀቃችሁ ተመለሱ።

አሁን ወደ እኛው ጉዳይ። የአንገት ዕጢ ቲቢ ሀገር ቤት ብርቅ አይደለም። የዳነ ዕጢ ካልሲየም ይዞ፣ እንደ ፈንዲሻ ነጥቶ ለዘመናት ይቀመጣል። ጠባሳ ነው። ሐኪሙ ግን ካልነገራችሁት ከየት ያውቃል? «ነቀርሳ ነበረብኝ» ብትሉም ሌላ ጣጣ አለ፤ አማርኛችን ይህን ቃል ለቲቢም ለካንሰርም ይሰጠዋል። አስተርጓሚው ካንሰር ብሎ ከተረጎመው የልጅነት ጠባሳችሁ ሌላ ታሪክ ተጽፎለት በመዝገብ ይገባል። ስለዚህ ቁርጥ አድርጋችሁ ቲቢ በሉ። ልጆቻችሁንም አስተርጓሚ አታድርጉ፤ በ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ መሠረት ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል በነፃ አስተርጓሚ ማቅረብ ግዴታው ነው።

«ቲቢ ነበረብኝ ካልኩ ግሪን ካርዴ ይቀራል» ብለው የሚደብቁም አሉ። ይህ ወሬ ብዙ ሰው ጎድቷል። የሚያግደው የሚተላለፍ ቲቢ ነው፤ እሱም እስኪታከም ድረስ ነው። ታክሞ የዳነ ሰው ጠባሳ አያስከለክልም። እንዲያውም የታከማችሁበት ወረቀትና የድሮ ፊልም ካላችሁ አቅርቡ፤ ከዓመታት በፊት የነበረ ጥላ ዛሬም ሳይለወጥ ከተገኘ ለሐኪሙ ትልቅ ማስረጃ ነው።

እብጠቱ ሲያድግ ከታያችሁ፣ ድምፃችሁ ከጎረነነ፣ ሌሊት ላብ ካጠመቃችሁ ወይም ካከሳችሁ ግን ሹሩባ ነው ብላችሁ አትቀመጡ፤ ቀጠሮ ያዙ። እንቅርት የአየር ቧንቧን ገፍቶ በራጅ ላይ እንዴት እንደሚታይ በሚቀጥለው ሳምንት እንመለስበታለን። እስከዚያው ቸር ይግጠመን።