አፈር የሚሸት ሰው

ሽቱ ከሚወዱ ወዳጆቼ ጋር በአንድ ነገር አልስማማም። የፓቹሊ ዘይት እጄ ላይ ጠብ አድርጌ ስጠጋቸው ፊታቸውን ያዞራሉ። አንዷ «የቆየ ሣጥን ተከፈተ እንዴ?» አለችኝ፤ ሌላው ድንች ስቆፍር የዋልኩ እንደመሰለው ነገረኝ። ሁለቱም አልተሳሳቱም። ፓቹሊ የሚሸተው እርጥብ አፈር፥ አሮጌ እንጨትና ለብዙ ጊዜ ተዘግቶ የኖረ ጓዳ ነው፤ ከሥሩም መድኃኒት መሰል ቅዝቃዜ አለው። ይህን እንደ ነውር ሲቆጥሩበት ግን ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

የተክሉ የትውልድ አገር ደቡብ ምሥራቅ እስያ ነው፤ ዛሬም አብዛኛው ዘይት የሚመጣው ከኢንዶኔዢያ ነው። በዘር ሐረጉ ግን የበሶብላ፥ የጦስኝና የዳማከሴ ወገን ስለሆነ ለእኛም ፈጽሞ ባዕድ አይደለም። ልዩነቱ ጠባዩ ላይ ነው። ጦስኝ ገና በእግር ሲረገጥ መዓዛውን ለመንገደኛው ሁሉ ይበትናል። ፓቹሊ ቅጠሉ ታጭዶ ካልደረቀ በስተቀር የያዘውን በቀላሉ አይሰጥም። ከደረቀም በኋላ በእንፋሎት ተነጥሮ የሚወጣው ዘይት መጀመሪያ ላይ ሻካራ ነው። የሎሚና የብርቱካን ዘይት ዕድሜ ሲያበላሻቸው ይህ ግን በዓመታት ብዛት ይለዝባል።

ስሙን ያጎደፈው ሽታው ሳይሆን አብሮት የዋለው ሰው ይመስለኛል። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከሕንድ ወደ አውሮፓ የሚላኩ የካሽሚር ሻሎች ብል እንዳይበላቸው የደረቀ የፓቹሊ ቅጠል በመካከላቸው ይደረግ ነበር። ወይዛዝርቱም ያንን ሽታ የእውነተኛ ሻል ምልክት አደረጉት። ጥቂት ቆይቶ የፓሪስ ቅምጦች ሽቱ ነው ተባለና ጨዋዎቹ ሸሹት። በ1960ዎቹ ደግሞ ጸጉራቸውን ያስረዘሙ የምዕራብ ወጣቶች አነሡት፤ ያን ጊዜ የአመፀኛ ሽታ ተባለ። በዚህ ሁሉ መካከል ቅጠሉ ያው ቅጠል ነበር።

እኔ ፓቹሊን ሳሸት አመፀኛ አይታየኝም። የሚታዩኝ አንዲት ጎረቤታችን ናቸው። በልጅነቴ እፈራቸው ነበር። ንግግራቸው ጎምዛዛ፥ ሰላምታቸው አጭር ነበር፤ ልጅ ሲስሙ አይቻቸው አላውቅም። እናቴ ባረፈች ጊዜ ድንኳኑ በጣፋጭ አንደበት ተሞላ፤ «አለንልህ» ያላለኝ ሰው አልነበረም። ከሠልስት በኋላ ድንኳኑ ሲፈርስ ቃሉም ሰውም አብሮ ተነሣ። እኒያ ሴትዮ ግን በአርባው ዋዜማም ጓዳችን ውስጥ ሰሐን ያጥቡ ነበር። ጥግ ላይ ተቀምጬ ሳለቅስ አዩኝና፥ «አልቅሰህ ስታበቃ ትበላለህ፤ ሽሮው እሳት ላይ ነው» አሉኝ። ከዚያ የተሻለ ማጽናኛ እስካሁን አልሰማሁም።

የሽቱም አሠራር እንዲሁ ነው። የሎሚው ብርሃን በደቂቃዎች ይተናል፤ አበባው ጥቂት ሰዓታት ይቆያል፤ ፓቹሊ ግን ከታች ሆኖ ሌሎቹን ይዞ ያቆያል፥ እነርሱ ከሄዱም በኋላ ልብስ ላይ ያድራል። ቀማሚዎች ይህን ጉልበቱን አሳምረው ያውቃሉ። እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣው የቲየሪ ሙግለር «ኤንጅል» ፓቹሊን ከከረሜላ ጣፋጭነት ጋር አጋጨው፤ ድፍረቱን አደንቃለሁ፥ አፈሩ በስኳሩ ውስጥ ሳያፍር ይሸታልና። ከዚያ ወዲህ የበረከተው ልማድ ግን ሌላ ነው፦ ዘይቱን ከፋፍሎ የአፈርና የጓዳ ሽታውን ማውጣት፥ «ንጹሕ ፓቹሊ» ብሎም ማቅረብ። ጽናቱን ይፈልጉታል፤ አፈሩን አይፈልጉትም። ሰሐኑ ይታጠብ፥ ሴትዮዋ ግን ፈገግ ይበሉ እንደማለት ነው! እኔ ይህን ዓይነቱን አልገዛም።

ባለፈው ዓመት እኒያን ሴትዮ ልጠይቃቸው ሄድኩ። አሁን አርጅተዋል፤ ንግግራቸው ግን አልተለወጠም። ሊስሙኝ ሲያጎነብሱኝ (አዎን፥ አሁን ይስማሉ) አንገቴን አሸተቱና፥ «ምንድን ነው የተቀባኸው?» አሉ። ሽቱ ነው አልኳቸው።

«ይሄ ሽቱ ነው?» ብለው ሳቁ። ከኪሴ አውጥቼ ጠርሙሱን ሰጠኋቸው። ደጋግመው አሸተቱት። ስለ ብሉ አንዳች አልነገርኳቸውም።

«ጋቢ የማስቀምጥበት ሣጥን ውስጥ ይሆነኛል» አሉና ከመቀነታቸው ሥር ሸጎጡት። አልመለሱልኝም።