ስፖርት ነው ወይስ ኖርማል?

ወዳጄ «የስፖርትን ቁልፍ ስትጫነው መኪናው ሌላ ይሆናል» ባይ ነው። ይሆናል፤ ግን ምኑ እንደተለወጠ እንለይ። በብዙ መኪና ላይ ያ ቁልፍ የሚነካው ነዳጅ መስጫውንና የመሪውን ክብደት ነው፤ ሞላውም ሾክ አብዞርበሩም እንደነበሩ ናቸው። ከጎማ በኩል የሚሰማ ለውጥ የሚመጣው ሾክ አብዞርበሩ በኤሌክትሪክ የሚታዘዝ ሲሆን ነው። ስፖርት ላይ ዘይቱ የሚያልፍበት ቀዳዳ ይጠባል፤ ሞላውም እንደልቡ መወዛወዝ ያቅተዋል። ካዲላክ በ2002 እ.ኤ.አ. ያወጣው ሾክ ደግሞ የብረት ብናኝ ያለበትን ዘይት በማግኔት ያወፍራል። ለመለየት አንዱን ጉብታ በእኩል ፍጥነት ሁለቴ ማለፍ ይበቃል፦ በኖርማል ገላው ወርዶ ወጥቶ ይረጋል፤ በስፖርት አንዴ ደረቅ አድርጎ መትቶ ያቆማል።

«ታዲያ ከጠነከረ መንገድ ይይዛላ!» አለ። እዚህ ላይ አልስማማም። መንገድ የሚይዘው ጎማ ነው፤ ጎማ ደግሞ መሬት ካልነካ አይዝም። ፒስታ ላይ የጠነከረ ሾክ ጎማውን ከጉብታ ጉብታ ያዘልለዋል፤ በዘለለባት ቅጽበት ፍሬንም መሪም ከንቱ ናቸው። ስለዚህ በእኛ አገር መንገድ ልስላሴ ከምቾትም አልፎ ነፍስ ማዳኛ ነው።

«እሱን ከመካነ ሰላም ወደ ጉንደ ወይን አባይ በረሃ ስትወርድ ንገረኝ!» ብሎ ያዘኝ። እውነት አለው፤ በዚያ ጠመዝማዛ ፍሬን ሲያዝ አፍንጫው የሚደፋ፣ መሪ ሲዞር ቶሎ የሚያዘነብል መኪና ሾፌሩን ያታልላል። አስፋልቱ ልሙጥ ከሆነ ስፖርት ይሻላል፤ ይህን ሰጥቼዋለሁ። ግን ሾክ የሚገራው የማዘንበሉን ፍጥነት ነው። ረጅም ኩርባ ላይ፣ ሞላው ያው እስከሆነ ድረስ፣ መኪናው በመጨረሻ የሚያዘነብለው በሁለቱም እኩል ነው። ከገደል የሚያድነው ፍጥነት መቀነስ እንጂ ቁልፉ አይደለም።

«እዚህ ቦረና፣ መካነ ሰላም ላይ ስለ ቁልፍ ትለፈልፋለህ! አይሱዙ እንደሆነ ስፖርቱም ኖርማሉም አለው። ባዶውን ሲሄድ ይዘላል፤ ጤፍ ሲጫን ይረጋል።» ይህን አላሰብኩትም ነበር። ባሌስትራው የተሠራው ለጭነት ነው፤ ሸክም ካላገኘ አይታጠፍም። በዚያው መንገድ ባዶ ሄዶ ሞልቶ የተመለሰ ተሳፋሪ ልዩነቱን በወገቡ ያውቀዋል። እኔም ይህንኑ ለክርክሬ ልወስደው ስል ቀደመኝ፦ «የተጫነው ለስላሳ ነው፤ ቁልቁለት ላይ ግን ለማቆም የትኛው ይከብዳል?» አለና ሳቀ። ለዚህኛው ገና መልስ አለብኝ።