ስለ ባሕር ዓሣ፤ ማጥመድና ዘሩን መጠበቅ

ገበሬ ጎተራው በጐደለበት ጊዜ ለዘር ያስቀመጠውን እህል ቢበላ ለጥቂት ቀን ረኃቡን ያስታግሣል፤ በሚመጣው ክረምት ግን ማሳው ባዶውን ይቀራል። ይህን የማያውቅ ገበሬ የለም። የባሕር ዓሣም ነገር ከዚህ የተለየ አይደለም። ልዩነቱ፥ የገበሬው ዘር በጎተራ ተቀምጦ በዓይን የሚታይ ሲሆን፥ የዓሣው ዘር በጥልቅ ውሃ ውስጥ የተሰወረ መሆኑ ነው። ስለዚህ ታላላቅ መንግሥታት እንኳ ዘሩን እየበሉ ሳሉ ምርቱን ብቻ የሚበሉ መስሏቸው ተሳስተዋል።

አንዳንዶች ዓሣን መጠበቅ ማለት አጥማጁን ከትርፉ መከልከል ነው ይላሉ። ሥራው ሲመረመር ግን የሚገኘው የዚህ ተቃራኒ ነው። ዓሣ የበዛበት ባሕር በጥቂት መርከብና በጥቂት ነዳጅ ብዙ ይሰጣል፤ ዓሣው የተመናመነበት ባሕር ግን መርከብ ቢጨመርበት ወጪውን እንጂ ገቢውን አያበዛም። የዓለም ባንክ በ2017 ዓመት (በዚህ ጽሑፍ የሚነገሩት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) ባወጣው መግለጫ፥ ሥራው በሚገባ ቢተዳደር ኖሮ ሊገኝ ይችል የነበረና በከንቱ የቀረ ጥቅም በ2012 ብቻ ወደ 83 ቢሊዮን የአሜሪካ ዶላር እንደ ደረሰ ገምቷል። እንግዲህ ዘሩን ማጥፋት ኃጢአት ብቻ ሳይሆን ኪሳራም ነው።

ለዚህ ነገር ሁለት አገሮች በቂ ምስክር ይሆናሉ። አንዲቱ ኒውፋውንድላንድ የምትባለው የካናዳ ደሴት ናት፤ ሁለተኛይቱ አይስላንድ ናት። ሁለቱም በሰሜን አትላንቲክ ውቅያኖስ የሚገኙ፥ ሁለቱም ኮድ በሚባለው ዓሣ የኖሩ ናቸው፤ መጨረሻቸው ግን ተለያየ።

ጆን ካቦት የተባለው መርከበኛ በ1497 ከእንግሊዝ አገር ተነሥቶ ወደ ኒውፋውንድላንድ ባሕር በደረሰ ጊዜ፥ ዓሣው ከመብዛቱ የተነሣ ቅርጫት ወደ ውሃ አውርዶ መቅዳት ይቻላል ተብሎ ተወራ። ከዚያ በኋላ ወደ 5 መቶ ዓመት ያህል የብዙ አገር ሕዝብ ከዚህ ባሕር በላ፥ ነገደም፤ ዓሣው ግን አላለቀም። ታላቁ የሥነ ፍጥረት ሊቅ ቶማስ ሀክስሊ በ1883 በሎንዶን በተደረገው የዓሣ ማጥመድ ኤግዚቢሽን ላይ ሲናገር፥ እንደ ኮድ ያሉት ታላላቅ የባሕር ዓሦች በዘመኑ መሣሪያ ሊያልቁ አይችሉም የሚል አሳብ ሰጠ። ሊቁ የተናገረው ስለ ዘመኑ መሣሪያ ነበር፤ ከእርሱ በኋላ የመጡት ግን ቃሉን ይዘው መሣሪያውን ለወጡት።

በ1954 ፌርትራይ የተባለችው የእንግሊዝ መርከብ ወደ ባሕር ወጣች። ይህች መርከብ ታላቅ መረብ በኋላዋ እየጐተተች ዓሣውን የምታጠምድ፥ በውስጥዋም ቈርጣ በብርድ የምታደርቅ ተንሳፋፊ ፋብሪካ ነበረች። ብዙ መንግሥታትም የዚህችን ዓይነት መርከብ እየሠሩ ላኩ። በ1968 ከዚያ ባሕር የተያዘው የኮድ ዓሣ ወደ 8 መቶ ሺህ ቶን ደረሰ፤ ከዚያ ወዲህ ግን የሚገኘው እያነሰ ሄደ።

ካናዳ በ1977 ከጠረፍዋ እስከ 200 የባሕር ማይል ያለውን ውሃ በሥልጣንዋ ሥር አድርጋ የውጭ መርከቦችን ባራቀች ጊዜ መከራው ያለፈ መሰለ። ነገር ግን ሌባው ከተባረረ በኋላ ባለቤቱ ራሱ ጎተራውን ማራገፍ ጀመረ። የአገሩ መርከቦች በዙ፤ ፋብሪካዎች ተሠሩ፤ የመንግሥትም ገንዘብ ለዚህ ሥራ ረዳ። በትናንሽ ጀልባ ከዳር የሚያጠምዱ ሰዎች በ1980ዎቹ ዓመታት፥ ዓሣው ቍጥሩም መጠኑም አነሰ እያሉ ጮኹ። የሚሰማቸው ግን አልተገኘም፤ ምክንያቱም ታላላቆቹ መርከቦች እንደ ወትሮው ሞልተው ይመለሱ ነበርና። ምስጢሩም ይህ ነው፤ ኮድ እያነሰ ሲሄድ የቀረው በአንድ ስፍራ ይሰበሰባል፤ መርከቦቹም በድምፅ መንጋውን ፈልጎ የሚያገኝ መሣሪያ ስላላቸው እስከ መጨረሻው መንጋ ድረስ እየተከተሉ ይይዙታል። ከመርከቦቹ ሙላት ተነሥተው የባሕሩን ሀብት የገመቱት ሊቃውንትም ከእውነቱ አብልጠው ገመቱ።

ሊቃውንቱ ስሕተታቸውን ባወቁ ጊዜ፥ በ1989 የሚያዘው ዓሣ ወደ 125 ሺህ ቶን እንዲወርድ መከሩ። መንግሥት ግን ፋብሪካዎች ይዘጋሉ፥ ሰዎችም ሥራ ያጣሉ ብሎ ስለ ፈራ 235 ሺህ ቶን ፈቀደ። ፍርሃቱ ከንቱ አልነበረም፤ የብዙ ሰው እንጀራ በዚህ ሥራ ላይ የቆመ ነበርና። ነገር ግን የሊቃውንትን ቍጥርና የነጋዴዎችን ቍጥር መካከለኛ አድርጎ መቍረጥ በሰዎች ጉባኤ ዘንድ እርቅ ሊሆን ይችላል፤ ባሕር ግን እርቅ አያውቅም። ከሦስት ዓመት ያህል በኋላ፥ ሐምሌ 2 ቀን 1992 የካናዳ የዓሣ ጉዳይ ሚኒስትር ጆን ክሮስቢ የኮድ ማጥመድ ሥራ እንዲቆም አዘዙ። ወደ 30 ሺህ የሚሆን ሰው ሥራውን አጣ። የደሴቲቱ ክፍለ ሀገር ሕዝብ በ1991 ከ568 ሺህ በላይ የነበረው በ2001 ወደ 513 ሺህ ወረደ፤ ወጣቶቹም ወደ ሌላ ስፍራ ተሰደዱ። ለ2 ዓመት ይቆያል የተባለው ክልከላ ከ30 ዓመት በላይ ቈየ፤ በ2024 ለንግድ ማጥመድ ሲከፈትም የተፈቀደው 18 ሺህ ቶን ብቻ ነበር። እንግዲህ በ1989 ለጥቂት ሰዎች ሥራ ታዝኖ የሁሉም ሥራ ጠፋ።

አይስላንድ ደግሞ ከዓሣ በቀር ብዙ ሀብት ያልነበራት ትንሽ አገር ናት። ባሕርዋን ከውጭ መርከቦች ለማስጠበቅ ከ1958 እስከ 1976 ከእንግሊዝ ጋር ሦስት ጊዜ ተከራከረች፤ በ1975ም ወሰንዋን ወደ 200 ማይል አሰፋች። እርሷም እንደ ካናዳ የውጭውን አባርራ በራስዋ መርከቦች አብዝታ ማጥመድዋ አልቀረም። ሆኖም በ1960ዎቹ መጨረሻ ሄሪንግ የተባለው ዓሣ ከባሕርዋ ጠፍቶ ብዙ ሕዝብ ተቸግሮ ስለ ነበር፥ ያን ችግር ያየ ትውልድ ሳያልፍ ወደ ሥርዓት ተመለሰች። በ1984 ለእያንዳንዱ መርከብ የተወሰነ ድርሻ ተሰጠው፤ በ1990 የወጣውም ሕግ ድርሻው እንዲሸጥና እንዲለወጥ ፈቀደ።

ከዚህ በፊት እያንዳንዱ መርከበኛ ባልንጀራው ሳይቀድመው ለመያዝ ይሽቀዳደም ነበር፤ በውሃ ውስጥ የተወውን ዓሣ ሌላው ይወስድበታልና። ድርሻው ከታወቀ በኋላ ግን መሽቀዳደሙ ትርጉም አጣ። መርከበኛው ዋጋ በሚወደድበት ጊዜ መውጣትን፥ ዓሣውን ሳያበላሽ ማምጣትን፥ ወጪውንም መቀነስን ይመርጣል። የተያዘው ሁሉ በወደብ ላይ ይመዘናል፤ የያዙትን ወደ ባሕር መጣል ክልክል ነው፤ ትናንሽ ዓሦች በመረብ ሲበዙ ያ ስፍራ ወዲያው ይዘጋል።

ከሁሉ የሚበልጠው ነገር ግን ልኩ አስቀድሞ በሕግ መጻፉ ነው። በ1995 በየዓመቱ የሚያዘው ኮድ በባሕር ካለው ለመጠመድ ከደረሰው ዓሣ ከመቶ 25 እጅ እንዲሆን ተወሰነ። ይህም የበዛ መሆኑ በታወቀ ጊዜ፥ በ2007 ወደ 20 እጅ ወረደ፤ የዓመቱም ፈቃድ ከ193 ሺህ ወደ 130 ሺህ ቶን በአንድ ጊዜ ተቀነሰ። አጥማጆችና የጠረፍ ከተሞች አጕረመረሙ፤ ጉዳቱም እውነተኛ ነበር። መንግሥት ግን በቃሉ ጸና። ዓሣውም በዝቶ በ2019 የተፈቀደው ወደ 272 ሺህ ቶን ደረሰ። በዚያ ዓመት የተተወው ዓሣ ከነወለዱ ተመለሰ ማለት ነው።

ይሁን እንጂ የአይስላንድ ሥርዓት ነውር የለበትም ማለት አይቻልም። ሕጉ ዓሣው የሕዝቡ የጋራ ሀብት ነው ሲል፥ ድርሻው መጀመሪያ ለመርከብ ባለቤቶች ያለ ዋጋ ታድሎ ነበር። በኋላም ድርሻው እየተሸጠ በጥቂት ትላልቅ ኩባንያዎች እጅ ተሰበሰበ፤ ጀልባ ያልቀረባቸው የጠረፍ መንደሮችም አሉ። ያባቱን ሥራ ለመያዝ የሚሻ ወጣት፥ አባቱ በነፃ ያገኘውን እርሱ በብዙ ገንዘብ ሊገዛ ግድ ሆነበት። መንግሥት ከ2004 ጀምሮ ከአጥማጆች የሀብት ክፍያ መቀበሉ፥ በ2009ም ለትናንሽ ጀልባዎች የበጋ ማጥመድን መፍቀዱ ይህን ለማቃናት ነው፤ ክርክሩ ግን ገና አላለቀም። ከዚህ የሚገኘው ምክር፥ ልክን የሚወስን መንግሥት አከፋፈሉንም በመጀመሪያው ቀን ሊያስብበት እንደሚገባ ነው። አንድ ጊዜ በነፃ የታደለ ሀብት ቈይቶ ይመለስ ቢባል፥ የያዘው ሰው እንደ ርስቱ ይከራከርለታልና።

ይህ ነገር ባሕር ለሌለው አገር አይመለከተውም የሚል ቢኖር ወደ ጣና ሐይቅ ይመልከት። በሌላ ስፍራ የማይገኙት የጣና ዓሦች በክረምት እንቍላላቸውን ለመጣል ወደ ጉማራና ወደ ሌሎች ወንዞች ሲወጡ፥ በወንዙ አፍ በመረብ እየተያዙ በ1990ዎቹ ዓመታት እጅግ አነሱ። ኢትዮጵያ በ2003 የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ አውጥታለች። አዋጅ ግን በወረቀት ላይ ሳለ መረብን አያነሣም፤ የሚያነሣው በወንዙ አፍ የሚቆም ተቈጣጣሪና፥ በዚያ ወራት ለአጥማጁ የሚገኝለት ሌላ መተዳደሪያ ነው።

የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት እንደሚያስረዳው፥ ከሚመረመሩት የባሕር ዓሣ ዘሮች ከሦስት አንዱ እጅ በላይ ከልክ አልፎ የሚጠመድ ነው። ስለዚህ የኒውፋውንድላንድ ነገር ያለፈ ታሪክ ብቻ አይደለም፤ በብዙ ወደብ ገና የሚጠብቅ ዕዳ ነው። ሞኝ ከራሱ፥ ብልህ ከሌላው ይማራል እንደሚባለው፥ ሥልጣን የተሰጣቸው ሁሉ ሊማሩ የሚገባቸው ይህ ነው፤ መርከቦች ሞልተው በሚመለሱበት ዘመን ልክን መወሰን፥ በጭንቅም ቀን ከተወሰነው ልክ አለመናወጥ፥ ድርሻውንም በቅን ማካፈል። ሳይደርቅ በእርጥቡ፥ ሳይርቅ በቅርቡ የሚለው የአባቶች ቃል ለባሕርም ይሠራል። ዛሬ መቀነስን የፈራ ሹም፥ ነገ መዝጋትን ለማዘዝ ይገደዳል።