ጭሱ ወዴት ይሄዳል?

ቤት ሲሠራ በመጀመሪያ የሚታሰበው ሳሎኑ፣ በመጨረሻ የሚታሰበው ማድ ቤቱ መሆኑን ሳታስተውሉ አልቀራችሁም። የቀኑን እኩሌታ በማድ ቤት የምታሳልፈው የቤት እመቤት ግን ሳሎኑን የምታየው እንግዳ ሲመጣ ነው።

ይህን እንድጽፍ ያነሣሣኝ ወልድያ አክስቴ ዘንድ በሰነበትኩ ጊዜ ያየሁት ነገር ነው። ልጆቻቸው ገንዘብ አዋጥተው በኤሌክትሪክ የሚሠራ ጭስ መሳቢያ፣ ነጋዴዎች «ሁድ» የሚሉትን፣ ከአዲስ አበባ ልከውላቸዋል። ከምድጃው በላይ ተሰቅሎ ያጓራል። ሽንኩርቱ ሲቁላላ ግን የአክስቴ ዓይን እንደ ድሮው ያለቅሳል። በርጩማ ላይ ወጥቼ ስመለከት ቱቦው ኮርኒሱን በስቶ ከገባ በኋላ እዚያው ቀርቷል! ጭሱ በጣራውና በኮርኒሱ መካከል እየተጠራቀመ በስንጥቁ ተመልሶ ይወርዳል። «ሰቃዩ ምንም አልነገረዎትም?» ብላቸው፣ «ልጄ፣ ከኮርኒስ በላይ ማን ያየኛል ብሎ ይሆናላ!» አሉኝ።

ጭስ መሳቢያ በሁለት ዓይነት ይሸጣል። አንደኛው ጭሱንና እንፋሎቱን በቱቦ ወደ ደጅ የሚያወጣ ነው። ሁለተኛው ወደ ውጭ የሚወጣ ቱቦ የለውም፤ አየሩን በቅባት ማጣሪያና በከሰል ማጣሪያ አሳልፎ እዚያው ክፍል ውስጥ መልሶ ይለቀዋል። ይህ ሽታውን ይቀንስ እንደሆነ እንጂ ሙቀቱንና እርጥበቱን አያስወጣም። የከሰሉም ማጣሪያ በየጥቂት ወሩ መለወጥ ስላለበት፣ መለዋወጫው በአቅራቢያችሁ መገኘቱን ሳታረጋግጡ ገንዘባችሁን አታውጡ። ግድግዳ መብሳት የሚቻል ከሆነ የመጀመሪያውን ምረጡ።

ጉልበቱ የሚለካው በሰዓት በሚስበው አየር ነው። ርዝመቱ 3፣ ወርዱ 3፣ ከፍታው 2.5 ሜትር የሆነ ማድ ቤት 22.5 ሜትር ኩብ አየር ይይዛል። አየሩ በሰዓት ቢያንስ 10 ጊዜ መለወጥ ስላለበት 225 ሜትር ኩብ የሚስብ ያስፈልጋል ማለት ነው፤ ቱቦው ጉልበቱን ስለሚቀንሰው ከዚያ ከፍ ያለው ይመረጣል። ወርዱ ከምድጃው አይነስ። ከኤሌክትሪክ ምድጃ 65፣ ከጋዝ ምድጃ 75 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ይሰቀል፤ አምራቹ በመመሪያው የጻፈው ልክ ካለ ግን የእርሱ ይቅደም።

እኔ በበኩሌ ከማሽኑ ይልቅ የምጨነቀው ለቱቦው ነው። ከማሽኑ አፍ የጠበበ መሆን የለበትም። ውስጡ ለስላሳ የሆነ የላሜራ ቱቦ ከተጨማደደው ይሻላል፣ የተጨማደደው ቅባት ይይዛልና። አጭር ይሁን፤ እጥፋቱም ከሁለት ባይበልጥ መልካም ነው። ጫፉ ደጅ መድረስ፣ ዝናብና ወፍ እንዳይገባበትም መከለያ ሊኖረው ይገባል። ለሰቃዩ ሒሳቡን ከመክፈላችሁ በፊት ማሽኑን አስነሡና አንዳችሁ ደጅ ወጥታችሁ በቱቦው ጫፍ አጠገብ መዳፋችሁን ዘርጉ። ነፋሱ ካልተሰማችሁ ሥራው አላለቀም። መሬት ላይ ሆኖ የማይደረስበት ከሆነም ሰቃዩ መሰላሉን ያቁም እንጂ በቃሉ አትመኑት።

ይህ ሁሉ ለኤሌክትሪክና ለጋዝ ምድጃ ነው። ማሽኑን በእንጨት እሳት ላይ መስቀል አደጋ አለው፤ ብልጭታው በማጣሪያው የተጠራቀመውን ቅባት ሊያቀጣጥል ይችላል። በወልድያም ሆነ በመርሳ የጓሮ ማድ ቤታቸውን ከነምጣዱ ያላፈረሱ ብዙዎች ናቸው፤ አልተሳሳቱም። በ2013 ዓ.ም. ማብቂያና በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ከተማይቱ በጦርነቱ ለወራት መብራት ባጣችበት ጊዜ እንጀራ የተጋገረው በማገዶ ነበር። ነገር ግን የዓለም ጤና ድርጅት ግምት እንደሚያሳየው፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2020 ብቻ ከቤት ውስጥ ጭስ የተነሣ 3.2 ሚሊዮን ሰዎች ሞተዋል። በጀርባ የታዘለው ሕፃን የሚተነፍሰውም ያንኑ ጭስ ነው።

በ1980ዎቹ ዓ.ም. በአገራችን የተሠራው ምርት ምድጃ ማገዶውን እስከ እኩሌታ ይቆጥባል፤ ጭሱን ከቤት ለማስወጣት ግን ማውጫ ያስፈልገዋል። ለዚህም ኤሌክትሪክ የማይፈልግ የላሜራ ቆብ ማሠራት ይቻላል። ከታች ከምድጃው በሁሉም በኩል አንድ ስንዝር ሰፋ፣ ወደ ላይ እየጠበበ ሄዶ ቱቦው ከጣራው አናት ቢያንስ ግማሽ ሜትር ከፍ ይላል። የጋለው ጭስ በራሱ ኃይል ሽቅብ ይወጣል። ቱቦው ጣራውን በሚያልፍበት ቦታ ከእንጨቱ መራቅ አለበት።

ማሽኑም ሆነ ቆቡ አየር የሚስበው አየር ሲገባለት ነው። ስለዚህ በር ወይም መስኮት ገርበብ ይበል። በተዘጋ ቤት ከሰል አቀጣጥሎ «መሳቢያው ያወጣዋል» ማለት ሕይወት ያስከፍላል፤ ከሰል የሚያወጣው መርዝ ሽታም መልክም የለውም።

የአክስቴ ቱቦ በማግስቱ ሁለት ክንድ ተቀጥሎለት በግድግዳው ወጣ። ማጣሪያውንም አውርደን በፈላ ውኃና በኦሞ ዘፈዘፍነው፤ ከተሰቀለ ጀምሮ አልታጠበም ኖሯል። በየወሩ እንዲታጠብ ለትንሹ ልጃቸው አደራ ብለናል። የወየበው ኮርኒስ ግን ቀለም የሚቀባው ለፋሲካ ነው ተብሏል።