ስለ ታርጋ ቦሎ ሌብነት

አውቶሞቢል ያለው ሰው ስለ ሌባ ሲያስብ በዓይኑ የሚመጣበት ጎማው፣ ስፖኪዮው፣ ሬዲዮው ወይም መኪናው በጠቅላላው ነው። ከአውራ ጣት እምብዛም የማትበልጥ ባለ ቀለም ተለጣፊ ወረቀት ትሰረቅብኛለች ብሎ እንቅልፍ የሚያጣ የለም። ነገር ግን በአሜሪካ፣ ይልቁንም በካሊፎርኒያ ግዛት፣ ሌሊት ከቆሙት መኪናዎች ላይ እየተላጠች የምትወሰደው ይህችው ወረቀት ናት። በሎስ አንጀለስ፣ በዋሽንግተን ዙሪያና በሌሎችም ከተሞች ብዙ ወገኖቻችን ታክሲ በመንዳትና ሰው በማመላለስ ቤተሰባቸውን የሚያስተዳድሩ ስለሆነ፣ ነገሩን የሩቅ አገር ወሬ ነው ብለን ልናልፈው አልወደድንም።

በአገራችን «ቦሎ» የምንለውን አንባቢ ሁሉ ያውቀዋል። ቃሉ ከጣልያንኛ የመጣ ሲሆን ትርጓሜው ማኅተም ማለት ነው። የዓመቱ ምርመራ መፈጸሙን የሚያስረዳው ይህ ወረቀት በፊት መስታወት ላይ ከውስጥ በኩል ስለሚለጠፍ፣ ሊወስደው የሚሻ ሌባ አስቀድሞ በር መክፈት ወይም መስታወት መስበር ይኖርበታል። የካሊፎርኒያው ቦሎ ግን የሚለጠፈው ከመኪናው ውጭ፣ ከኋላው ታርጋ ላይ ነው። በታርጋው ግራ የላይኛ ማዕዘን የወሩ፣ በቀኝ የላይኛ ማዕዘን የዓመቱ ምልክት ይታያል። በቨርጂኒያማ በፊቱም በኋላውም ታርጋ ላይ ስለሚለጠፍ ሌባው የሚመርጠው ቦታ ሁለት ነው።

ነገሩ እንዲህ የሆነው ቀድሞ በታሰበ ጥፋት አይደለም። በብዙዎቹ የአሜሪካ ግዛቶች ጥንት በየዓመቱ አዲስ ታርጋ ይታደል ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ብረት ለጦር መሣሪያ ሥራ በመፈለጉ፣ አሮጌውን ታርጋ እንዳለ ትቶ ዓመቱን በትንሽ ቁራጭ ማመልከት ተለመደ። ከጦርነቱ በኋላም የብረቱ ቁራጭ በተለጣፊ ወረቀት ተተካ። በዚህ አሠራር መንግሥት ብረትና ገንዘብ ተረፈው፤ ሌባው ደግሞ መፍቻ ሳያስፈልገው በጥፍሩ ብቻ የሚሠራው ሥራ አገኘ።

ለመሆኑ ይህች ወረቀት ምን ትረባዋለች? በካሊፎርኒያ የመኪና ምዝገባ በየዓመቱ ሲታደስ የሚከፈለው አንድ ወጥ ዋጋ አይደለም። መደበኛው የምዝገባ ክፍያ አለ፤ ከመኪናው ግምት ከመቶ 0.65 የሚታሰብ ግብር አለ፤ ከ2018 ጀምሮም ለመንገድ ማሻሻያ የሚውል ሌላ ክፍያ ተጨምሯል። (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሰው ዓመት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።) በዚህም ላይ መኪናው መድን ያለው መሆኑ መረጋገጥ ይኖርበታል። ዕድሜው ከስምንት ዓመት ያለፈ የቤንዚን መኪና አብዛኛውን ጊዜ በየሁለት ዓመቱ የጢስ ምርመራ ማለፍ ይገባዋል። ሳይከፈል የቀረ የማቆሚያ ቅጣት ቢኖርም ያ ሳይከፈል ቦሎው አይሰጥም። ቀኑ ካለፈ ደግሞ መቀጫው እየጨመረ ይሄዳል። እንግዲህ ሞተሩ የሚያጨስ አሮጌ መኪና ብቻ ያለው ሰው ይህን ሁሉ ባንድ ጊዜ አሟልቶ ለመቅረብ ቢቸገር የሚያስደንቅ አይደለም። ችግሩ ይገባናል። የማይገባን፣ ችግሩን ተሸክሞ ሄዶ በሌላው ድኻ ታርጋ ላይ የሚያራግፍበት ምክንያት ነው። ከነዚህ የሚብሰው ደግሞ ራሱ መኪና ሳይቸግረው በሌሊት ከመንደር መንደር እየዞረ፣ የላጠውን ለሌሎች የሚሸጠው ሰው ነው።

የተሰረቀበት ሰው ብዙውን ጊዜ መሰረቁን አያውቅም። ጧት ለሥራ ሲቸኩል ከመኪናው ኋላ ጎንበስ ብሎ ታርጋውን የሚመለከት ማን ነው? የሚያውቀው ፖሊስ ሲያስቆመው፣ ወይም የማቆሚያ ተቆጣጣሪው የቅጣት ወረቀት ከመስታወቱ ላይ ትቶለት ሲያገኝ ነው። ግብሩን አሟልቶ የከፈለ ሰው እንዳልከፈለ ሆኖ ይቆጠራል። ከኋላ መቀመጫ ተሳፋሪ ይዞ ወደ አውሮፕላን ጣቢያ የሚሄደውን ሹፌር እስቲ እናስበው። ተሳፋሪው ሰዓቱን ያያል፤ ፖሊሱ ወረቀት ይጠይቃል፤ ሹፌሩም በአፍ መፍቻው ባልሆነ ቋንቋ፣ «ከፍያለሁ፤ ወረቀቱ ግን የት እንደ ሄደ አላውቅም» ብሎ ማስረዳት ይኖርበታል። ፖሊሱ ቁጥሩን በኮምፒዩተር አይቶ ቢለቀው እንኳ፣ ያ ተሳፋሪ ሁለተኛ ይጠራው እንደሆነ እንጃ። ቅጣቱ ጉድለቱን አስተካክሎ ለሚቀርብ ሰው የሚቀልበት መንገድ በሕጉ አለ፤ ነገር ግን ለማስተካከል የሚባክነውን የሥራ ቀን የሚመልስለት የለም። መንገድ ላይ መቆምን እንደ ውርደት ለሚቆጥር፣ ወይም ከፖሊስ ጋር መነጋገር ገና ለሚያስፈራው አዲስ ስደተኛ ደግሞ ጭንቀቱ ከቅጣቱ ይበልጣል።

ለሌባው ገበያ የሚሆንለት ግን ገዢው ነውና ስለ እርሱም ጥቂት እንበል። ከወገኖቻችን መካከል የተሰረቀ ቦሎ የሚገዛ አለ ብለን አንከስም። «በርካሽ የሚገኝ አለ» የሚለውን ሹክሹክታ ሰምቶ ጆሮውን የሚያውስ እንዳይኖር ግን እንሰጋለን። ይህን የሚያደርግ ሰው የሚያታልለው ዓይንን ብቻ ነው። ፖሊስ የታርጋውን ቁጥር ወደ መዝገቡ ባስገባ ጊዜ ምዝገባው የተቃጠለ መሆኑ ወዲያው ይታያል። በካሊፎርኒያ ሕግ ለሌላ መኪና የተሰጠ ቦሎ ለጥፎ የተገኘ መኪና፣ ምዝገባው ካለፈ ከስድስት ወር በላይ እንደሆነው መኪና ሁሉ፣ ከመንገድ ተነሥቶ ሊወሰድ ይችላል። ያን ጊዜ ውዝፉ ግብር፣ መቀጫው፣ የመጎተቻውና በየቀኑ የሚታሰበው የማስቀመጫ ኪራይ ተደምሮ ሲቀርብለት፣ ርካሹ ወረቀት ስንት እንደ ፈጀበት ያየዋል። አታልሎ መገኘቱ በፍርድ ቤት የሚያስከትልበት ከዚህ የተለየ ነው።

ወደ መከላከያው እንምጣ። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» እንዳይሆን፣ ዋናው ሥራ የሚሠራው ቦሎው በሚለጠፍበት ቀን ነው። አብዛኛው ሰው አዲሱን በአሮጌው ላይ እየደረበ ይለጥፋል። የአምስትና የስድስት ዓመት ወረቀት ሲደራረብ እንደ ጠፍር ይወፍርና ሌባው ጥፍሩን ከሥሩ አስገብቶ ሁሉንም ባንድነት ያነሣዋል፤ ባለቤቱ ራሱ እጀታ አበጀለት ማለት ነው። ስለዚህ አሮጌው ሁሉ ተልጦ መነሣት አለበት። የቀረው ሙጫ በአልኮል ይታጠብ፤ ታርጋውም ፈጽሞ ይድረቅ። በብርድና በዝናብ ቀን የተለጠፈ አይዝምና፣ ፀሐይ ብረቱን ሞቅ ባደረገችበት ሰዓት ለጥፎ ከመካከል ወደ ዳር በአውራ ጣት አጥብቆ መጫን ይገባል።

ከዚያ ቀጥሎ የሚደረገው ብዙዎች የማያውቁት ነው። አዲስ ምላጭ ይዞ የተለጠፈውን ወረቀት በቁመት፣ በአግድምና በሰያፍ መብጣት ነው። የዓመቱ ቁጥር እንዳይበላሽ፣ የታርጋውም ቀለም እንዳይቧጠጥ እጅን ማቅለል ያስፈልጋል። እንዲህ የተበጣ ቦሎ ከሩቅ ሲያዩት ምንም ጉድለት የለበትም፤ ሌባው ሊልጠው ሲሞክር ግን እንደ ተቀደደ ጋዜጣ ቁርጥራጭ ብቻ ይደርሰዋል። አንዳንዱ ቦሎ ከፋብሪካው ሲወጣ ተበጥቶ የሚመጣው ስለዚህ ነው። ሌባ ልጦ ሲጨርስ የማይጠቅመውን ነገር ለመስረቅ አይደክምም፤ ጥቂት ጠርዝ አንሥቶ ቢያየው ወደሚቀጥለው መኪና ይሄዳል። (የሚቀጥለው መኪና ባለቤትም ይህን ጋዜጣ ቢያነብ መልካም ነበር።)

ታርጋውን ግልጽ በሆነ ፕላስቲክ መሸፈን የተሻለ መስሎ የሚታያቸው አሉ። ነገር ግን በካሊፎርኒያ ታርጋን መሸፈን የተከለከለ ነው፤ ከሌባ ሲሸሹ ቅጣት ላይ መውደቅ ይሆናል። ምላጭ የሚያሸንፈው ዓይነት ሌባ ደግሞ አለ። ይኸውም የብረት መቀስ ይዞ መጥቶ የታርጋውን ማዕዘን ከነቦሎው ቆርጦ የሚወስደው፣ ወይም ታርጋውን ፈትቶ የሚሄደው ነው። ለፈቺው በተራ መፍቻ የማይፈታ ቡሎን ይበጃል። ለቆራጩ ግን የሚሻለው እንዳይደርስበት ማድረግ ስለሆነ፣ በሚፈቀድበት ሥፍራ ሁሉ የመኪናውን ኋላ ከግድግዳ ወይም ከአጥር አስጠግቶ ማቆም ነው። እንዲህ የቆመ መኪና ጧት ለመውጣትም ይመቻል።

ሌባ የሚያገኘው ግን ከታርጋ ላይ ብቻ አይደለም። ቦሎው በፖስታ የሚላክ ስለሆነ፣ ብዙ ሰው በሚኖርበት ሕንፃ ከተሰባበረ የፖስታ ሣጥን ውስጥ ገና ሳይለጠፍ ሊጠፋ ይችላል። በካሊፎርኒያ በአንዳንድ የምግብ ሸቀጥ መደብሮች ውስጥ ገንዘቡን ተቀብሎ ቦሎውን እዚያው አትሞ የሚሰጥ መኪና ስለቆመ፣ የፖስታ ሣጥኑን የማያምን ሰው ወደዚያ ቢሄድ ይሻለዋል።

ይህ ሁሉ የባለቤቱ ድርሻ ነው። ግብር ከፋዩ ምላጭ ይዞ በመኪናው ኋላ እንዲንበረከክ የሚያስገድደው አሠራር ግን ራሱ መመርመር ይገባዋል። ቴክሳስና ኒው ዮርክ የምዝገባውን ወረቀት በፊት መስታወት ከውስጥ ያስለጥፋሉ። ፔንስልቫኒያ ደግሞ ከ2016 የመጨረሻ ቀን ጀምሮ የታርጋውን ቦሎ ጨርሶ አስቀርታለች፤ ፖሊስ የሚያረጋግጠው ከመዝገብ ነው። ከአሜሪካ ውጭም ብሪታንያ ከ1921 ጀምሮ በመስታወት ላይ ስታስለጥፍ የኖረችውን ክብ የግብር ወረቀት በ2014 ጥቅምት ወር መባቻ ሠርዛ ሥራውን ለካሜራና ለኮምፒዩተር ሰጥታለች።

ከዚህ ተነሥተው ወረቀቱ ሁሉ ይቅር፣ ሌባው የሚሰርቀው ያጣል የሚሉ አሉ። አሳቡ የሚናቅ አይደለም። ሆኖም የብሪታንያን ውጤት መመልከት ይገባል። በዚያ አገር መንግሥት በየጊዜው በመንገድ ላይ በሚያደርገው ቆጠራ፣ ግብር ሳይከፈልባቸው የሚነዱት መኪናዎች በ2013 ከመቶ 0.6 ነበሩ፤ ወረቀቱ ከቀረ በኋላ በ2015 ወደ 1.4፣ በ2017 ወደ 1.8 ከፍ አሉ። ይህን ሁሉ አመፀኛ አድርጎ መቁጠር አይቻልም። በየቀኑ ከዓይኑ ፊት የነበረው ማስታወሻ ሲጠፋበት ቀኑን የረሳ ብዙ ሰው ይኖራል። ወረቀቱ ለፖሊስ ብቻ ሳይሆን ለባለቤቱም ይናገር ነበር ማለት ነው።

ስለዚህ እኛ የምንደግፈው መካከለኛውን መንገድ ነው። ካሊፎርኒያም ሆነች ቨርጂኒያ ቦሎውን ከታርጋ አንሥተው ወደ መስታወቱ ውስጥ ቢያስገቡት፣ ባለቤቱ ዘወትር ያየዋል፤ ሌባውም መስታወት ሳይሰብር አይደርስበትም። መስታወት ሲሰበር ጎረቤት ይነቃል፤ ወረቀት ሲላጥ ግን ውሻ እንኳ አይጮህም። በካሊፎርኒያ በፊት መስታወት ላይ የሚለጠፈውን ነገር የሚወስን ሕግ መኖሩን እናውቃለን፤ ሕጉን ያወጣው ምክር ቤት ግን ሊያሻሽለውም ሥልጣን አለው።

እስከዚያው ድረስ ቦሎው የጠፋበት ሰው በጠፋበት ቀን ለፖሊስ አመልክቶ የማመልከቻውን ቁጥር ይቀበል። ከዚያም የሞተር ተሽከርካሪዎች መሥሪያ ቤት ለጠፋ ታርጋና ቦሎ ምትክ መጠየቂያ ያዘጋጀውን ቅጽ ሞልቶ መጠነኛውን ክፍያ ይክፈል። በምዝገባው ወረቀት ላይ የቦሎው ቁጥር ስለሚገኝ ያን ቁጥር አስቀድሞ በማስታወሻ ጽፎ፣ የታርጋውንም ፎቶግራፍ አንሥቶ ቤት ያስቀመጠ ሰው ከፖሊስ ጣቢያ ሲደርስ ብዙ አይንተባተብም። ምትኩ እስኪደርስም የክፍያውን ደረሰኝና የፖሊሱን ቁጥር በመኪናው ውስጥ ይያዝ።