በቀን አንድ ብር

ባለፈው ቅዳሜ መጽሐፍ ፍለጋ ወጣን፡፡ አዲስ የወጣ መጽሐፍ አይደለም፤ የሲሳይ ንጉሡ «ሰመመን» ነው፡፡ የአንዳችን ታናሽ እህት ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ልትገባ ስለሆነ «ይሄን ሳታነቢ ካምፓስ የሚባል ነገር አትረግጪም» ብለን ፎክረንባት ነበር፡፡ የፎከረ ደግሞ ማቅረብ አለበት፡፡

ከፒያሳ ተነሳን፡፡ መናኸሪያውን ዞርን፣ በአቶቴ በኩል ወረድን፡፡ የሐዋሳን የስምንት ሰዓት ፀሐይ የሚያውቅ ያውቃታል! የገባንባቸው የጽሕፈት መሣሪያ መደብሮች ደብተር አላቸው፣ የ12ኛ ክፍል ጥያቄና መልስ አላቸው፣ በአጭር ጊዜ ሀብታም የሚያደርጉ መጻሕፍት አሏቸው (ሻጮቹ ግን ገና ያነበቧቸው አይመስሉም)፡፡ ልቦለድ የለም፡፡ በመጨረሻ አንዱ ልጅ አዘነልንና ከስልኩ ቀና ሳይል «ቴሌግራም ላይ በነፃ አለ እኮ፤ ምን ያንከራትታችኋል?» አለን፡፡

እውነቱን ነው፡፡ እዚያው በር ላይ ቆመን ስንፈልገው አንድ ደቂቃ አልፈጀም፡፡ ደራሲው ይቅር ይበሉንና አወረድነው፣ ለልጅቷም ላክንላት፡፡ የልብ ምልክት መለሰችልን፡፡ ይኸው ሳምንት አለፈ፤ ገጽ አራት ላይ ናት፡፡

እናላችሁ የቆጨን መጽሐፉን ማጣታችን አይደለም፤ አግኝተነዋል፡፡ የቆጨን ሌላ ነው፡፡

እኛ ባደግንበት ሰፈር አንድ የመጽሐፍ ማከራያ ነበረ፡፡ «ማከራያ» ስንላችሁ ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ፡፡ ሰማያዊ ቀለም የተቀባች የቆርቆሮ ኪዮስክ ናት፤ ሁለት ሰው ከገባባት ሦስተኛው ውጭ ቆሞ ነው የሚጠብቀው፡፡ መጻሕፍቱ ሁሉ አንድ ዓይነት ልብስ ለብሰዋል፤ ባለፈው ዓመት የቀን መቁጠሪያ ወረቀት ተለብጠው፣ ጀርባቸው በሲባጎ ተሰፍቶ፣ ርዕሳቸው በእስክሪብቶ ተጽፎባቸው፡፡ በየአሥር ገጹ የኪዮስኩ ማኅተም አለ፡፡ ባለቤቱን «ጋሼ» ነበር የምንላቸው፡፡ ስማቸውን ጠይቀን አናውቅም፤ መጽሐፍ የሚያከራዩ ሌላ ጋሼ ሰፈሩ ውስጥ ስላልነበረ አላስፈለገንም፡፡

ሕጋቸው አጭር ነበር፡፡ መታወቂያ ታስይዛለህ፡፡ በቀን አንድ ብር ትከፍላለህ፡፡ ያሳለፍከውን ቀን ትከፍላለህ፤ ምክንያት አይሰማም፡፡ አንዴ ከመሃላችን አንዷ ሐይቅ ዳር ተቀምጣ ስታነብ አመሸችና በማግስቱ «ጋሼ፣ ጦጣ ነጥቆኝ ነው» አለች፡፡ አሞራ ገደል የዋለ ሰው እንደሚያውቀው ይሄ ሊሆን የማይችል ነገር አይደለም፡፡ ጋሼ ረጅም ጊዜ አዩዋትና «ጦጣው አንብቦ ጨርሷል ወይ?» ብለው ሁለት ብሩን ተቀበሏት፡፡

ከሁሉ የምንፈራው ግን ብሩን አልነበረም፤ መጽሐፍ ስንመልስ የሚጠይቁንን ጥያቄ ነበር፡፡ «እሺ፣ ማን ገደለው?» ይላሉ፡፡ ወይ ደግሞ «ልጅቷ ጥፋተኛ ናት ትያለሽ?» መልስ ካጣህ አልሰጥህም አይሉም፤ የሚቀጥለውን ቀጭን መጽሐፍ ይሰጡሃል፡፡ ከዚያ የባሰ ውርደት አልነበረም፡፡ የላይኛው መደርደሪያ ላይ ያሉትን እንዳናይ ተከልክለን ስለነበር በምን ዕድሜያችን እንደሚፈቀድልን ስንጨቃጨቅ ስንት ክረምት አለፈ! አብዛኞቹ ያለ ጉዳት የሚነበቡ መሆናቸውን ያወቅነው ካደግን በኋላ ነው፡፡

ያቺ አንድ ብር ደግሞ የአንድ ሰው ብር አልነበረችም፡፡ መጽሐፉ ቤት ሲገባ እኛ ቀን እናነባለን፤ እናታችን ቡናው እስኪፈላ ሁለት ምዕራፍ ትገፋለች፤ ተከራያችን መምህር ከእራት በኋላ ይወስደዋል፤ በማታ ትምህርት ፊደል የቆጠረችው የቤት ሠራተኛችን ሁሉም ሲተኛ ሻማ አጠገብ ታነባለች፡፡ በአንድ ብር አራት አንባቢ! በማግስቱ ማለዳ ደግሞ ይመለሳል፡፡ ማንም «ነገ አነበዋለሁ» የማለት ዕድል አልነበረውም፡፡

የመጽሐፉን ኅዳግ ካነሳን ደግሞ እሱ ራሱን የቻለ ሥነ ጽሑፍ ነበር፡፡ «ስሜን ማወቅ ከፈለግሽ ገጽ 64 ግለጪ» ይላል፡፡ ገጽ 64 «ገጽ 112» ይልሻል፡፡ ገጽ 112 ላይ «ቂል! ለምን አታነቢም?» የሚል ይጠብቅሻል፡፡ አንዳንዱ ክፉ ደግሞ ገና መግቢያው ላይ «ይሄ ሰውዬ መጨረሻ ላይ ይሞታል» ብሎ ይጽፋል፡፡ እንደነዚህ ያሉትን ዛሬም ይቅር አላልናቸውም፡፡

መጨረሻው የተገነጠለ መጽሐፍም ብዙ ነበር፡፡ ከማሞ ውድነህ የስለላ ትርጉሞች አንዱን ተከራይተን፣ ሰላዩ ሊያዝ አንድ እርምጃ ሲቀረው ገጹ አለቀ፡፡ የቀረው የለም! በማግስቱ እያለቃቀስን ወደ ኪዮስኳ ሮጥን፡፡ ጋሼ መጽሐፉን ገልበጥ አድርገው አዩትና በርጩማ ላይ አስቀምጠውን መጨረሻውን በቃላቸው ነገሩን፡፡ ሩብ ሰዓት ያህል ፈጀባቸው፡፡ ድልድዩን፣ ጭጋጉን፣ ሰላዩ ካፖርቱን ጥሎ ያመለጠበትን መንገድ ሁሉ፡፡ ከዓመታት በኋላ ለሥራ አዲስ አበባ ሄደን፣ ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ከአንድ አዟሪ ላይ ያንኑ መጽሐፍ ሙሉውን አግኝተን ገዛነው፡፡ 275 ኪሎ ሜትሩን ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ ጨረስነው፡፡ ጭጋግ የለም፡፡ ድልድይም የለም፡፡ ሰላዩ ተይዟል፡፡

የጋሼ መጨረሻ ይሻላል፤ በዚህ አቋማችን ጸንተናል፡፡

የመጽሐፍ አደን ማለት ለእኛ ይሄ ነበር፡፡ በ2001 ዓ.ም. የይስማዕከ ወርቁ «ዴርቶጋዳ» ወጥቶ አገር ምድሩ ስለ እሱ ሲያወራ፣ ጋሼ ዘንድ የወረፋ ደብተር ተከፈተ፡፡ ስም አስመዝግበን፣ ከፊታችን ያለው ሰው ቤት በር ላይ ቆመን «ስንት ገጽ ቀረህ?» እያልን አስጨንቀናል፡፡ መጽሐፉ በእጃችን ሲገባ ከሚበላ ነገር ጋር እንዳይነካካ ተማምለን ነበር (ሽሮ ነክቶታል፤ ገጹን አንናገርም)፡፡

ኮሚክ መጽሐፍ የሚሉት በጋሼ መደርደሪያ ላይ አልነበረም፡፡ በፊልም ላይ የፈረንጅ ልጆች ከኮሚክ ሱቅ ወለል ላይ ተንጋለው ሲያነቡ እያየን ቀንተናል፡፡ በሥዕል ከፋፍሎ ታሪክ መንገር ከሆነማ የአገራችን ሠዓሊዎች የንግሥተ ሳባን ታሪክ በ44 ሥዕል ሲተርኩ ኖረዋል፤ የሚገዛው ግን ቱሪስት ነው፡፡ እ.ኤ.አ. በ2018 በሥራት ደበበ «ጀምበር» የተባለውን ልዕለ ኃያል ጀግና በአማርኛም በእንግሊዝኛም ይዞ ሲመጣ እልል ብለናል፡፡ ምን ያደርጋል፤ እንደዚያ ያለውን የሚያከራየን ኪዮስክ ቀድሞ ሄዷል፡፡

እንዴት እንደሄደ እንንገራችሁ፡፡ መጀመሪያ በአንዱ መደርደሪያ ላይ ሲዲ ገባ፤ ጋሼ «ልጆቹ ፊልም ይጠይቃሉ» አሉ፡፡ ሲዲው ሁለተኛውን መደርደሪያ ወሰደ፡፡ መጻሕፍቱ ወደ ካርቶን ወረዱ፡፡ ከዚያ ሲዲውንም የሚከራይ ጠፋ፤ ፊልሙ በፍላሽ መጣ፡፡ ኪዮስኳ ፕሌይስቴሽን ቤት ሆነች፡፡ ቀጥሎ እግር ኳስ የሚወራረዱባት ሆነች፡፡ አሁን በቦታዋ የስልክ መሸፈኛ የሚሸጥበት የመስታወት ሱቅ ቆሟል፡፡ ጋሼ ከሲዲው ዘመን በኋላ የት እንደገቡ የሰፈሩ ሰው ሁሉ የየራሱን ይናገራል፡፡

አዲስ አበባ ያሉ ጓደኞቻችንም ተመሳሳይ ሐዘን ያወሩናል፡፡ በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ አሮጌ ቤቶች ሲፈርሱ ፎቶ እያነሱ ሲልኩልን ነበር፡፡ የእኛን ግን ግሬደር አላፈረሰውም፡፡ እኛ ነን ያፈረስነው፡፡ አዎ፣ እኛ! አሥረኛ ክፍል ስንደርስ በኪዮስኳ ፊት ለፊት እያለፍን ኢንተርኔት ቤት የምንገባው፣ በኋላም በስልካችን ፒዲኤፍ የምንለዋወጠው እኛ ነበርን፡፡ ዛሬ «መጽሐፍ ማከራያ ጠፋ» ብለን ስናለቅስ ለቅሶው ላይ የገዳዩ ቤተሰብ ሆነን ነው የተቀመጥነው፡፡

«ታዲያ ምን ቀረባችሁ? መጽሐፉ በነፃ አለ» የሚለን አለ፡፡ መልሳችን ስልካችን ውስጥ ነው፡፡ ባለፈው እሑድ ተሰብስበን ቆጠርን፡፡ በአምስታችን ስልክ 213 ፒዲኤፍ አለ፡፡ እስከ መጨረሻው ያነበብነው ስድስት፡፡ የሚያሳፍር ነው፣ ግን እውነት ነው፡፡ የጋሼ አንድ ብር እየቆጠረች ስለነበር እናነብ ነበር፡፡ ነፃው ነገር አይቆጥርም፤ ስለዚህ ዘላለም «ነገ» ይሆናል፡፡ «ማን ገደለው?» ብሎ የሚጠይቅም የለም፡፡

ጋሼን መልአክ ለማድረግ አይደለም፡፡ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ማከራየትንም ከደራሲው መብት ጋር ይቆጥረዋል፤ ከእኛ አንድ ብር ግን ለደራሲ የደረሰ ሳንቲም አልነበረም፡፡ ቢያንስ ግን አንዱን ቅጂ ገዝተው ነበር፡፡ እኛ እሱንም አንገዛም፡፡

ከመንግሥት ጋር የታገለ መጽሐፍ እንኳ በሰው እጅ ነው የኖረው፡፡ የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. ወጥቶ ወዲያው ከገበያ ሲሰበሰብ፣ ደራሲውም በ1976 ዓ.ም. ወጥቶ ሲቀር፣ ያመለጡት ጥቂት ቅጂዎች በድብቅ ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፉ ተነበቡ፡፡ ይኸው በ2017 ዓ.ም. እንግሊዝኛው ለዓለም ቀረበ፡፡ የዚያን ጊዜ አንባቢ አንድ ሌሊት ብቻ ስለሚሰጠው ሌሊቱን ሙሉ ያነብ ነበር፡፡ እኛ ዓመት ሙሉ ይዘነው አንከፍተውም፡፡

ወደ ገንዘቡ እንምጣ፡፡ ከ2016 ዓ.ም. ሐምሌ ወዲህ፣ ብሩ በገበያ ዋጋ መመንዘር ከጀመረ በኋላ፣ ወረቀቱ ከውጭ ለሚመጣ መጽሐፍ ምን እንደተረፈው ከእኛ ይልቅ አሳታሚዎቹ ይንገሯችሁ፡፡ እኛ የምናውቀው መደብር ገብተን ሽፋኑን አገላብጠን ዋጋውን ስናይ መጽሐፉን ቀስ ብለን ወደ ቦታው እንደምንመልሰው ነው፡፡ ደመወዝ ያለን ሰዎች ይሄን ካደረግን የስድስተኛ ክፍል ልጅ ምን ታድርግ?

ቤተ መጻሕፍት ይሠራላት ትሉ ይሆናል፡፡ ይሠራ! አዲስ አበባ በ2014 ዓ.ም. አብርሆትን ስታስመርቅ ቀንተን ነበር፡፡ ቤተ መጻሕፍት ግን አንባቢውን ወደ መጽሐፉ ነው የሚጠራው፡፡ የእኛ እናት ቡና ጥላ አትሄድም ነበር፡፡ ሠራተኛችን ቀን አይፈቀድላትም ነበር፡፡ እኛም ሴቶች ልጆች ስለሆንን ሳይመሽ ግቡ የምንባል ነን፡፡ የአንድ ብሩ መጽሐፍ ወጥ ቤት ድረስ መጥቶ ነበር ያገኘን፡፡

የሐዋሳ ኮሪደር ሲሠራ የእግረኛ መንገዱ ሰፋ፣ መብራትና አበባ ገባ፤ ደስ ይላል፣ እኛም ማታ ማታ እንንሸራሸርበታለን፡፡ ወደ ፍቅር ሐይቅ በሚወስደው መንገድ ላይ ለቡና ጠጪ የሚሆን ቦታ ካልጠፋ፣ ለአንዲት የመጽሐፍ ማከራያ ኪዮስክ የሚሆን ሁለት ካሬ ይጠፋል? ከኪራዩ ላይ ለደራሲው የሚቆረጥበትን መንገድ የደራስያን ማኅበርና ከተማው ይነጋገሩበት፤ ብሩ በስልክ በሚከፈልበት ዘመን ሂሳቡ አይከብድም፡፡ ሥራ ፈላጊ ተመራቂ እንደሆነ ሞልቷል፤ ሁለቱን ከዚሁ ከእኛ መሃል እንሰጣችኋለን፡፡ አንድ ቅድመ ሁኔታ ብቻ አለን፤ የምትቀመጠው ልጅ መጽሐፎቹን ያነበበች ትሁን፡፡

በመጨረሻ አንድ የግል ጉዳይ፡፡

ጋሼ፣ ይሄን ካነበቡት፣ በ2004 ዓ.ም. ክረምት የተከራየነው መጽሐፍ እኛ ጋ ነው፡፡ ልንመልስ ስንመጣ ኪዮስኳ ተዘግታ አገኘናት፤ በሦስተኛው ቀን መጣን፣ አሁንም ዝግ ነበር፤ ከዚያ ትምህርት ተከፈተ፡፡ ማኅተሙ አለ፣ የቀን መቁጠሪያ ልብሱም አልወለቀም፡፡ በቀን አንድ ብር ካሰቡት ከ5 ሺህ ብር በላይ ሆኗል፤ ትንሽ እንዲቀንሱልን እንለምናለን፡፡ የስድስተኛ ክፍል መታወቂያችን ደግሞ እርስዎ ጋ ነው፡፡ ፎቶዋ ላይ ፀጉሯ ሁለት ቦታ የተሠራችው ልጅ እኛ ነን፡፡